«እማማ»ና «ሙሽሪት»፦ ከንጽጽር ሪፖርቴ የጎደለው አንቀጽ

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ሦስት ምንጮች አሉኝ። አንደኛው በእጄ የጻፍሁት የበረራ ማስታወሻ ደብተር ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ደሴን ለቅቀን ስንወጣ ቤት ውስጥ ቀርቶ ስለነበር፣ ስንመለስ ግማሹን በዝናብ ርሶ አገኘሁት። ሁለተኛው ስለ ሁለት ባለ አንድ መቀመጫ ሞተር አልባ አውሮፕላኖች ያዘጋጀሁት የንጽጽር ሪፖርት ቅጂ ነው፤ ይህኛውን ምንም አልነካውም። ሦስተኛው የሁለት ሰዎች ቃል ነው፦ ሁለቱንም አውሮፕላኖች ያበር የነበረው የፊዚክስ መምህር አያሌው፣ እና ይጠግኗቸው የነበሩት ጋሽ እንድሪስ። አራተኛው ምንጭ የገዛ ትውስታዬ መሆን በተገባው ነበር። ነገር ግን ትውስታዬ ለእኔ የሚያደላ ነገር በነገረኝ ቁጥር እጠራጠረዋለሁ፤ አንባቢም እንዲሁ እንዲያደርግ እለምናለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ የሞተር አልባ በረራን በኮምቦልቻ እንደገና ለመጀመር ያሰቡ ጥቂት ሰዎች ቤቴ ድረስ መጥተው ያንን ሪፖርት ጠየቁኝ። አሮጌና አዲስ አውሮፕላን እንዴት እንደሚወዳደር በአማርኛ የተጻፈ ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘንም አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ አፈርሁ። አንድ አንቀጽ ይጎድለዋል፣ እሱን ጽፌ እሰጣችኋለሁ አልኋቸው። አንቀጹ እየረዘመ ሄዶ ይህን ሆነ።

ትምህርቴን ባሕር ማዶ ጨርሼ ስመለስ የማውቀው ስለ ትልልቅ አውሮፕላኖች ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጥገና ክፍል፣ ቀጥሎም በቴክኒክ መምህርነት ዓመታት አሳለፍሁ። ኮምቦልቻ የሞተር አልባ በረራ ማኅበር ሲቋቋም የቴክኒክ ኃላፊ ሆኜ ተላክሁ። ደመወዙ የሚያጓጓ አልነበረም፤ ነገር ግን የተወለድሁባት ደሴ ቅርብ ናት፤ ጠዋት በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ ሲመሽ እመለስ ነበር። የማኅበሩ ሰብሳቢ ከአንድ ገጽ ያለፈ ጽሑፍ የማያነቡ ሰው ነበሩ። «ኢንጂነር፣ ዕውቀትህን አልጠላሁትም፤ አሳጥረው» ይሉኝ ነበር። ይህን ልብ ይሏል፤ በኋላ ላይ ከሰበብ ቆጥሬዋለሁና።

ሜዳችን ከከተማው ወጣ ብሎ በቦርከና ወንዝ አቅጣጫ ያለ የሣር መሬት ነበር። ሞተር አልባ አውሮፕላን በገመድ ተጎትቶ ይነሣል፤ የሚጎትተው በሜዳው ጫፍ የቆመ፣ በጭነት መኪና ሞተር የሚሠራ ዊንች ነው። ከፍታ ሲይዝ አብራሪው ገመዱን ይለቃል። ከዚያ በኋላ ያለው አቅም አየሩ ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሜዳው ሲግል የሞቀ አየር ሽቅብ ይወጣል፤ ነፋስም የየጎፍን ተራራ ሲገፋ ወደ ላይ ይታጠፋል። አብራሪው እነዚህን እየፈለገ ይኖራል፤ ካጣቸው ይወርዳል።

አውሮፕላኖቹ ሁለት ነበሩ፤ ስም ያወጡላቸው ጋሽ እንድሪስ ናቸው። አሮጌዋን «እማማ»፣ አዲሲቱን «ሙሽሪት» ይሏቸው ነበር።

እማማ የእንጨት አጽም ላይ ሸራ ተወጥሮ የተሠራች ናት። መሪዋ ይከብዳል። ለማዞር የመሪ ዘንጉን ወደ ጎን ማዘንበል ብቻ አይበቃም፤ አፍንጫዋ መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው ይሸሻልና በእግር ፔዳል መመለስ ያስፈልጋል። ሰነፍ አብራሪን ወዲያው ታጋልጣለች። ነገር ግን ቀርፋፋነቷ ጸጋዋ ነበር፤ ጠባብ የሞቀ አየር ስታገኝ በትንሽ ክብ እየዞረች ከፍ፣ ከፍ ትላለች። ደግሞ ትዘምራለች። ነፋሱ በሸራዋና በመጋጠሚያዎቿ ሲያልፍ የሚሰጠው ድምፅ ከፍጥነቷ ጋር ይለዋወጣል፤ ጋሽ እንድሪስ መሬት ላይ ቆመው በጆሯቸው ብቻ «አያሌው ዘገየ፣ አፍንጫዋን ይድፋት» ይሉ ነበር።

ሙሽሪት የፋይበርግላስ ናት። በሁለት ጣት ትታዘዛለች። ከአንዱ የሞቀ አየር ወደ ሌላው ስትሻገር፣ በተለይ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ፣ እማማ ከምታጣው ከፍታ በጣም ያነሰ ታጣለች። በጠባብ ቦታ መዞር ግን አትወድም፤ እማማ ከፍ በምትልበት ጠባብ የሞቀ አየር እሷ እየተንሸራተተች ወደ ውጭ ታመልጣለች። ስታርፍም መሬቱን እንቢ ትላለች፤ አብራሪው የክንፉን ፍሬን በጊዜ ካልከፈተ ሜዳውን ጨርሳ ማሽላው ውስጥ ትገባለች። ከሁሉ በላይ ዝምተኛ ናት። ፍጥነቷ ሲጨምርም ሲቀንስም ድምፅ አትሰጥም፤ ቆጣሪውን ማየት ግድ ነው። «ሙሽሪት ናት፣ ትኮራለች፤ አትናገርም» ይሉ ነበር ጋሽ እንድሪስ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን በአየር ላይ አልነበረም። ሁለቱም ክንፍና ጅራታቸው ተነቅሎ የሚገጠም ነው። የሙሽሪት ጅራት ቦታው ላይ ሲቀመጥ አፍንጫን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መሪ በራሱ ይጋጠማል። የእማማን ግን ሰው በእጁ ማጋጠም አለበት፦ በጅራቷ ሥር ባለች ትንሽ መስኮት እጁን ያስገባል፣ ብሎኑን ያሳልፋል፣ ብሎኑ እንዳይወጣ ደግሞ በመርፌ ቁልፍ ይቆልፈዋል። መርፌ ቁልፎቹን ጋሽ እንድሪስ ከስፕሪንግ ሽቦ ራሳቸው ይሠሩ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ የሐርቡ ሰው ናቸው፤ አናጢ ነበሩ። መጀመሪያ የተገናኘን ዕለት «ኢንጂነር፣ ስንት ዓመት ተማርክ?» አሉኝ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ማሻ አላህ። እጅህ ግን ገና አንደኛ ክፍል ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ሸራ መወጠርን፣ ሙጫ የያዘና ያልያዘ እንጨትን በጥፍር አንኳኩቶ መለየትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰኞ ሰኞ በሁለቱም አውሮፕላኖች መስታወት ላይ ቀይ የሱፍ ክር ይለጥፉ ነበር፤ አውሮፕላኗ ቀጥ ብላ ስትበር ክሩ ቀጥ ይላል፣ ስትንሸራተት ወደ ጎን ይሄዳል። ክሩን ከሸማኔዎች ቁርጥራጭ ይለቅሙታል። የሰው ሐዘንም ሆነ የተሰበረ ዕቃ ሲያጋጥማቸው የማጽናኛ ቃላቸው አንድ ነበር፦ «አብሽር።»

አንድ ልማድ ነበራቸው። አውሮፕላን ከተገጠመ በኋላ አብራሪው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እሳቸው ከኋላ ሄደው የጅራቱን መሪ በሁለት እጃቸው ጭምቅ አድርገው ይይዙና «ታገለኝ!» ብለው ይጮኻሉ። አብራሪው ዘንጉን በሙሉ ኃይሉ ይገፋል፣ ይስባል፤ እሳቸው አይለቁም። ዘንጉ እንቢ ካለ ግጥሚያው ደኅና ነው። እሳቸው ይዘው እያለ ዘንጉ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ትንሽ ኳ ካለ፣ አንድ ነገር አልተቆለፈም። ሲጨርሱ ሸሚዛቸውን እያራገፉ «ታግለናል፤ ሂድ» ይላሉ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተምሬ ያላገኘሁት ፍተሻ ይህ ነው።

ሰብሳቢው እማማ ከአገልግሎት ትውጣ ወይስ ትቆይ የሚለውን ለመወሰን ንጽጽር እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ጋሽ እንድሪስ እንድትቆይ ይፈልጉ ነበር፤ እኔ ማዳላት አልፈለግሁም። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ አንድ አብራሪ፣ እኩል ክብደት፣ ተቀራራቢ ሰዓት፣ አንድ አየር። ጠዋት አንዷን፣ ከሰዓት ሌላዋን ማብረር የአየሩን ልዩነት መለካት እንጂ የአውሮፕላኖቹን አይደለም። ለሳምንታት ሰማዩ አልተመቸንም። የምዝናቸው ክፍሎች ስለነበሩ የሁለቱንም ጅራት ነቅዬ ነበር። በመጨረሻ አንድ ዓርብ ዕለት አየሩ እንደምፈልገው ሆነ።

ያን ጠዋት የሙሽሪትን ጅራት ገጠምሁ፤ ተቀመጠ፣ ተጋጠመ። ወዲያው ወደ እማማ አልፌ የእሷን ገጠምሁ። ጋሽ እንድሪስ ነጭ ቆባቸውን አድርገው ወደ ጁምዓ ሶላት ሊሄዱ ነበር።

«እስክመለስ ሙሽሪትን አብሩ፤ እሷ ራሷን ታውቃለች» አሉኝ። «እማማን ግን ሳንታገላት እንዳትነኳት።»

«ይቆያሉ ጋሽ እንድሪስ?»

«ለአላህ ሰዓት አልቆጥርም፤ ላንተ ስል ግን ፈጠን እላለሁ።»

አያሌው ሙሽሪትን አበረራት፤ ድንቅ በረራ ነበር። ሲያርፍ ሰማዩን አየሁ። ከየጎፍ በላይ ደመናው መወፈር ጀምሯል። ጋሽ እንድሪስ አልተመለሱም። ብንጠብቅ አየሩ ይለወጣል፣ ንጽጽሩም ይበላሻል። ለእማማ ፍትሕ ላደርግላት የፈለግሁ መስሎኝ ነበር። መስኮቷ በኩል በዓይኔ አየሁ፣ ዘንጉን አንቀሳቀስሁ፣ የጅራቱ መሪ ተከተለ። በቃኝ።

አያሌው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ጋሽ እንድሪስ ሳይታገሉኝ?» አለኝ።

«ፈትሼዋለሁ።»

«እርስዎ ካሉ» አለና መስታወቱን ዘጋ።

ዊንቹ ጎተተ። እማማ ተነሣች፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና። ከዛፍ ከፍታ ትንሽ አልፋ ነበር፤ በሜትር ስንት እንደሆነ አልናገርም፣ ደብተሩ ውስጥ ያ ገጽ የለም። አያሌው እንደነገረኝ ዘንጉ በእጁ ላይ ድንገት ቀለለ። ገመዱን ለቀቀ። አፍንጫዋ ወደ መሬት ዞረ፣ ዘንጉን ሳበ፣ ምንም አልመለሰለትም። ማሽላው ውስጥ ወደቀች። እንጨቷ ተሰባብሮ ነው ያዳነው ብዬ አምናለሁ፤ እግሩና ወገቡ ግን ተጎዳ። ዛሬም በምርኩዝ ይሄዳል።

ጋሽ እንድሪስ ሆስፒታል ሲደርሱ ነጩ ቆባቸው ገና ጭንቅላታቸው ላይ ነበር። ከማሽላው ውስጥ ስብርባሪዋን አይተው ነው የመጡት። ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«ኢንጂነር፣ ታግለሃት ነበር?»

«አዎ፣ ጋሽ እንድሪስ። ታግያታለሁ።»

ዘንጉን ማን እንደያዘልኝ እንኳ አልጠየቁኝም። «እንግዲያው የኔ እጅ ነው» አሉ። «ያችን ቀዳዳ የጠገንኳት እኔ ነኝ።»

ብሎኑ ከስብርባሪው ውስጥ አልተገኘም። ብሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ግን ጥቂት ሰፍቶ ነበር፤ ከወራት በፊት ጋሽ እንድሪስ ቡሽ የሚባለውን ቀለበት አስገብተው የጠገኑት እሱን ነው። በንጽጽር ሪፖርቴ ላይ ስለ አደጋው «ቀደም ሲል በተደረገ ጥገና ምክንያት ቀዳዳው ሰፍቶ ብሎኑ ሳያመልጥ አልቀረም» ብዬ ጻፍሁ። አንድ ገጽ ነበር። ጅራቱን የገጠምሁት እኔ መሆኔን፣ መርፌ ቁልፉን ማስገባቴን እርግጠኛ አለመሆኔን፣ ከምንም በላይ ትግሉ እንዳልተደረገ የሚገልጽ አንቀጽ የለውም። ቦታ አልበቃኝም ብዬ ለራሴ ነገርሁት። እማማ ፈርሳ ተጣለች። ጋሽ እንድሪስ ከቴክኒክ ሥራ ታገዱና ወደ ሐርቡ ተመልሰው በርና መስኮት መሥራት ጀመሩ። እኔን ሪፖርቱ አስሾመኝ፤ አዲስ አበባ ተመልሼ በእሱ አስተማርሁበት። ትግሉንም አስተማርሁ፤ ከማን እንደተማርሁት ግን አንድም ቀን አልተናገርሁም።

እነዚያ ሰዎች ሪፖርቱን ከጠየቁኝ በኋላ፣ ከብዙ ዓመታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አያሌውን ለመጠየቅ ደሴ ሆጤ ሰፈር ወደሚገኘው ቤቱ ሄድሁ። ጠረጴዛው ላይ ትልልቅ ፓፓያዎች ነበሩ።

«የጋሽ እንድሪስ ናቸው» አለኝ። «ረመዳን ሊገባ ሲል በየዓመቱ ከሐርቡ ዘንቢል ተሸክመው ይመጣሉ። እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጡና ‹አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ› ይሉኛል።»

«አንተስ ምን ትላቸዋለህ?»

«ምን እላለሁ? ‹ብያለሁ፣ አምናም ብያለሁ› እላቸዋለሁ። ‹ዘንድሮም በለኝ› ይላሉ። አንድ ዓመት ታመው ልጃቸውን ልከው ነበር፤ በስልክ አስደወሉኝና አውፍ አስባሉኝ። ይቁረጡ እንጂ ኢንጂነር፣ ጣፋጭ ነው።»

ቆረጥሁ። በላሁ። ጣፋጭ ነው አልሁ። የዚያን ቀንም አልነገርሁትም፤ ይህን ከሌላው ሁሉ ባልተናነሰ አፍርበታለሁ።

በማግስቱ ሐርቡ ወረድሁ። ጋሽ እንድሪስ የልጃቸው የሰይድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል። ሰይድ አዲስ በር መቃን ላይ ሰቅሎ፣ አባትየው የበሩን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው «ታገለኝ!» ይሉት ነበር። ልጁ ይገፋል፣ እሳቸው አይለቁም። በሩ ኳ አለ።

«ማጠፊያው ላልቷል» አሉ። «አውርደው።»

ድምፄን ሲሰሙ ለዩኝ። «ኢንጂነር! አፊያ ነህ ወይ? ቁጭ በል።»

አልተቀመጥሁም። «ጋሽ እንድሪስ፣ ያን ዕለት እማማን አልታገልኋትም።»

እጃቸው በሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ሰይድ መሮውን አስቀመጠ።

«አዎ ብለኸኝ ነበር» አሉ።

«ዋሽቼዎት ነው።»

«ቀዳዳዋስ?»

«ሰፍታ ነበር። ቢታገሏት ግን ይለዩት ነበር፤ ያንጊዜ አትነሣም ነበር።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰይድ፣ ስንት ረመዳን ሆነ?»

«ከሃያ አልፏል አባ።»

«ከሃያ ረመዳን በላይ» አሉ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ሶላት ላይ ስቆም ያችን ቀዳዳ ነው የማያት። ቡሹን አሳንሼው ይሆን፣ ሙጫው ሳይደርቅ ቸኩዬ ይሆን እያልኩ። ወላሂ፣ እንጨት ፈርቻለሁ እኮ ኢንጂነር። ልጄ የሰቀለውን በር አላምንም። ይቺን አንድ ቃል ይዘህ የት ነበርክ?»

ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ ለመንሁ።

«ዛሬ አውፍ አልልህም» አሉ። «አልዋሽህም፣ አልወጣልህ አለኝ።» ለሰው ሁሉ አብሽር የሚሉት ሰው ለእኔ አላሉም። ከዚያ ልጃቸውን አዘዙት፦ «ዘንቢሉን ሙላለት።» ወደ እኔ ዞረው «ለአያሌው እስካሁን እኔ አድርሻለሁ፤ ይህኛውን አንተ ተሸከም። የምትለውን ታውቃለህ። ከዚያ ወረቀትህን አቅና። ከዚያ ትመጣለህ» አሉኝ።

ዘንቢሉን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ሐረጎን ወጣሁ። አያሌው በሩን ሲከፍት መጀመሪያ ዘንቢሉን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ቆሜ ነገርሁት። ምርኩዙን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ።

«እግሬን ለእርስዎ ይቅር ማለት አያቅተኝም» አለኝ። «‹እርስዎ ካሉ› ብዬ የተነሣሁት እኔ ነኝ። የእሳቸውን ዓመታት ግን ማን ነው ይቅር የሚለው? እኔ ነኝ? እዚህ ተቀምጬ በየዓመቱ ፓፓያ ስበላ የነበርሁት?»

ፓፓያውን መልሼ ልወስድ እጄን ስሰድድ «ይተዉት» አለ። «እሳቸው የላኩትማ አይመለስም።»

ሪፖርቱን አቅንቻለሁ። አንቀጹ እንዲህ ይነበባል፦ «የእማማን ጅራት የገጠምሁት እኔ ነኝ። ጋሽ እንድሪስ ሳይፈትሹ እንዳትነሣ አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ ለንጽጽሩ አንድ ዓይነት አየር ለማግኘት ስል አልጠበቅኋቸውም። የትግል ፍተሻው አልተደረገም። ተደርጓል ብዬ ዋሽቻለሁ። አደጋውን በእሳቸው ጥገና ላይ ማላከኬ ትክክል አልነበረም። የእማማ የበረራ ጠባይ ከአደጋው ጋር ግንኙነት የለውም፤ ከዚህ በላይ የተጻፈው የሁለቱ አውሮፕላኖች ንጽጽር፣ ሙሽሪትን በሚመለከት እንጂ እማማን በሚመለከት ሙሉ አይደለም፤ በዚያ አየር ልናያት አልቻልንምና።» ለጠየቁኝ ሰዎች ከመስጠቴ በፊት ሐርቡ ወስጄ ለጋሽ እንድሪስ አነበብሁላቸው። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። አዲሱ በር ተሰቅሎ ነበር፤ ተነሥተው ጠርዙን አሳዩኝና «ና፣ አንተ ያዝ» አሉኝ። እሳቸው ከወዲያ በኩል ገፉ። በዕድሜያቸው ያን ያህል ኃይል አለ ብዬ አልጠበቅሁም። በሩ ድምፅ አላሰማም። «ይሁን» አሉ። ያሉት ስለ በሩ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ከአደጋው ጥቂት ቀናት በኋላ በሥራ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ አንዲት መርፌ ቁልፍ አገኘሁ፤ እስካሁን በክብሪት ቀፎ አስቀምጫታለሁ። ያን ጠዋት በእማማ ብሎን ላይ ላስገባት ሲገባኝ ኪሴ የከተትኋት ልትሆን ትችላለች። ጋሽ እንድሪስ ሥራ በጀመርሁ ሰሞን ለመጠባበቂያ የሰጡኝም ልትሆን ትችላለች። ለእሳቸው አሳየኋቸው። በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሷትና «የኔ ሥራ ናት» አሉ፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን ሊለዩልኝ አልቻሉም፤ ሁሉንም ከአንድ ሽቦ ነበር የሚቆርጧቸው። ስለዚህ የእማማ መርፌ ቁልፍ ያን ዓርብ በመጋጠሚያዋ ላይ ትሁን ወይም በኪሴ፣ አላረጋገጥሁም።